ደም የዘር ሚዛን አይደለም

በአገራችን ጋብቻ በታሰበ ጊዜ፣ ሙሽራው ምን እንደ ተማረ፣ በምን ሥራ እንደሚተዳደር፣ ጠባዩስ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ከመጠየቁ አስቀድሞ «አጥንቱ ምንድን ነው?» ተብሎ የዘሩ ነገር ይመረመራል። ሰው በጎ ሲሠራ «ደሙ ነው» ይባልለታል፤ ሲያጠፋም «ከደሙ የመጣ ነው» ይባልበታል፤ በዚህም ዐይነት ምስጋናውም ነቀፋውም ከሠሪው ተወስዶ ዐይቷቸው ለማያውቃቸው አያቶቹ ይሰጣል። ይህ አሳብ ትምህርት ያላገኙ ሰዎች አሳብ ብቻ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰውም፣ ባሕር ማዶ ተሻግሮ የኖረውም፣ ልጁን የሚድርበት ቀን በደረሰ ጊዜ ወደዚሁ ሚዛን ሲመለስ እናያለን። አሳቡ ሲተነተን የሚለው ይህን ነው፦ የአባቶች ጠባይ፣ ጀግንነታቸውም ሆነ ክፋታቸው፣ ክብራቸውም ሆነ ውርደታቸው፣ በደማቸው ውስጥ አለ፤ ደማቸውም በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ሥር ውስጥ እየፈሰሰ ይወርዳል፤ ስለዚህ ደሙ የጠራ ሰው ራሱም የጠራ ነው፤ ደሙ የተቀላቀለ ሰው ግን ክብሩ የጎደለ ነው። እኔ ግን ይህ ትምህርት ፍቅርን የሚያፈርስ ከመሆኑም በፊት ከሥሩ ሐሰት እንደ ሆነ፣ ስለ ደም ዝውውር፣ ስለ ተፈጥሮ ውርስና ስለ ፍጥረታት ዝግመተ ለውጥ የታወቀው ሁሉ በአንድ ቃል እንደሚመሰክርበት ላስረዳ እወዳለሁ።

በቅንነት የሚከራከር ሰው አስቀድሞ የተቃዋሚውን ምክንያት በሙሉ ኀይሉ ማቅረብ ይገባዋል። ደሙ የፈሰሰ ሰው እንደሚሞት ማንም ያያል፤ ኦሪት ዘሌዋውያንም የሥጋ ሕይወት በደሙ ውስጥ እንደ ሆነ ያስተምራል፤ ልጅም በመልኩ፣ በድምፁ፣ አንዳንድ ጊዜም በአካሄዱ አባቱን ይመስላል። የጥንት ፈላስፎችም ለዚሁ አሳብ ድጋፍ ሰጥተውታል፤ አርስጣጣሊስ የአባት ዘር በሰውነት ሙቀት በስሎ የጠራ ደም ነው ብሎ ሲያስተምር፣ በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌኖስ ደግሞ ደም ከምግብ የተነሣ በጉበት ውስጥ እንደሚሠራ፣ ወደ አካላትም ፈስሶ በዚያው ሥጋ ሆኖ እንደሚያልቅ አስተማረ። ደም ወደ ሥጋ የሚለወጥ ከሆነ፣ የአባት ደም የልጅ ሥጋ ይሆናል ማለት ከዚህ የሚከተል አሳብ ነው። ስለዚህ የቀደሙትን ሰዎች አላዋቂዎች ብሎ መንቀፍ አይገባም፤ በዘመናቸው በነበረው ዕውቀት ልክ አስበዋልና። ነቀፋ የሚገባው ማስረጃው ከፈረሰ በኋላ ፍርዱን ብቻ ይዞ የቀረው ነው።

የማስረጃው መፍረስ የጀመረው ከራሱ ከደም ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት በካይሮ የነበረው ሐኪም ኢብን አል-ነፊስ፣ ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው ጋሌኖስ እንዳለው በመካከለኛው ግድግዳ ቀዳዳዎች ሳይሆን በሳንባ በኩል ዞሮ መሆኑን ጻፈ። ከዚያም እንግሊዛዊው ዊልያም ሐርቬይ፣ በኢጣልያ በፓዱዋ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ለብዙ ዘመን እንስሳትን ሲመረምር ኖሮ፣ በ1628 እ.ኤ.አ. በፍራንክፉርት ባሳተመው የላቲን መጽሐፍ፣ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ የሚመለስ፣ ዘወትር የሚዞር መሆኑን አስረዳ። ከማስረጃዎቹ አንዱን ማንም በራሱ ክንድ ላይ ሊያየው ይችላል። ክንዱን ከክርኑ በላይ በጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ያሰረ ሰው፣ የደም መልስ ሥሮቹ ከቆዳው በታች ተነሥተው፣ በየመካከላቸውም ትንንሽ እብጠት የመሰለ ነገር ተለይቶ ይታየዋል፤ ይህ እብጠት ያለበት ቦታ በሥሩ ውስጥ ክዳን የሚገኝበት ነው። እንግዲህ ከክዳኑ በታች ሥሩን በአንድ ጣት ተጭኖ፣ በሌላው ጣት ደሙን ወደ ላይ ከክዳኑ አልፎ እስኪሄድ ቢገፋው፣ የተገፋበት ሥር ባዶውን ይቀራል፤ ከላይ ያለው ደም ወደ ታች አይመለስበትም፤ የታችኛው ጣት በተነሣ ጊዜ ግን ሥሩ ከታች ወዲያው ይሞላል። ይህ የሚሆነው በደም መልስ ሥር ውስጥ መንገዱ አንድ፣ እርሱም ወደ ልብ ብቻ ስለ ሆነ ነው።

ሐርቬይ ከዚህ በላይ ስሌትን አመጣ። ልብ በግማሽ ሰዓት ከሺህ ጊዜ በላይ ይመታል፤ በየምቱ የምትወጣውን ጥቂት ደም በዚህ ቍጥር ብናባዛት፣ የሚገኘው ድምር በመላው ሰውነት ካለው ደም ይበልጣል፤ ይህን ያህል ደም ከምግብ በየጊዜው ሊሠራ ስለማይችል፣ ያው ደም ተመላልሶ ይዞራል ማለት ግድ ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው የአንድ ጐልማሳ ደም 5 ሊትር ያህል ሲሆን፣ በዕረፍት ላይ ያለ ሰው ልብ በየደቂቃው ይህኑ ያህል ይረጫል፤ በአንድ ቀን 7,000 ሊትር ያህል ማለት ነው። ሐርቬይ በዐይኑ ሊያየው ያልቻለውን፣ ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገርበትን ከጠጕር የቀጠነ ሥር፣ ማርቼሎ ማልፒጊ በ1661 እ.ኤ.አ. በእንቍራሪት ሳንባ ላይ በማይክሮስኮፕ አየው፤ ክቡም ተዘጋ።

ከዚህ ክብ የሚወጣው ፍርድ ለአጥንት ቈጣሪዎች እጅግ ከባድ ነው። ደም ወደ ሥጋነት የሚለወጥ የባሕርይ ምንጭ ሳይሆን ኦክሲጅንን፣ ምግብን፣ ሙቀትንና የሰውነትን ጕድፍ ተሸክሞ የሚመላለስ መልእክተኛ ነው። ቀይ ያደረጉትም ሕዋሳት በመቅኒ ውስጥ ተሠርተው ወደ ሥሮች ከገቡ በኋላ 120 ቀን ያህል ብቻ ይኖራሉ፤ በመስቀል በዓል በሥሮቻችን ይዘዋወሩ ከነበሩት ቀይ ሕዋሳት ፋሲካ ሲደርስ አንድም አይገኝም ማለት ይቻላል። ከዚህም የሚደንቀው፣ የሰው ቀይ የደም ሕዋስ በጐለመሰ ጊዜ አስኳሉን አውጥቶ የሚጥል በመሆኑ፣ የተፈጥሮ ውርስ የተጻፈበት ዘረመል በውስጡ የለም። የዘር ክብር አለበት ተብሎ ለዘመናት የተፎከረበት ቀዩ ደም፣ ራሱ ዘርን የማይሸከም ሆኖ ተገኘ። ነጭ የደም ሕዋሳት አስኳል አላቸው፤ ነገር ግን በውስጣቸው ያለው ጽሑፍ በቆዳም በጉበትም ካለው የተለየ አይደለም፤ ወደ ልጅም የሚተላለፈው በእነርሱ አይደለም።

«የእናትና የአባት ደም በልጅ ውስጥ አለ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ይወድቃል። የአባት ደም ወደ ልጁ የሚደርስበት መንገድ ፈጽሞ የለም፤ ከአባት የሚመጣው ከደም ጋር የማይገናኝ አንድ የዘር ሕዋስ ብቻ ነው። በማሕፀን ያለ ፅንስም ቢሆን የእናቱን ደም በሥሮቹ አያዞርም፤ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ሁለቱ ዝውውሮች በስስ ግድግዳ ተለያይተው ጐን ለጐን ያልፋሉ፤ ምግቡና ኦክሲጅኑ ግድግዳውን ይሻገራል፤ ፅንሱ ግን ደሙን ራሱ ይሠራል፣ አስቀድሞ በጉበቱ፣ በኋላም በመቅኒው። ነገሩን በፈተና ለመለየት የዳርዊን ዘመድ ፍራንሲስ ጋልተን በ1871 እ.ኤ.አ. የሠራው ሥራ ሊነገር ይገባዋል። ዳርዊን ከየአካሉ ተነሥተው በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወሩ ረቂቃን ቅንጣቶች ውርስን ያስተላልፋሉ የሚል ግምት አቅርቦ ነበርና፣ ጋልተን የሌላ ዝርያ ጥንቸሎችን ደም ወስዶ ብርማ ግራጫ በሆኑ ጥንቸሎች ሥር ውስጥ አስገባ፤ እርስ በርሳቸውም አራባቸው። ግልገሎቹ ብርማ ግራጫ ሆኑ፤ ከባዕዱ ደም አንዳች ምልክት አልታየባቸውም። በዘመናችን ደግሞ መቅኒው በበሽታ ተበላሽቶ የሌላ ሰው መቅኒ የተሰጠው ሕሙም፣ ከዚያ በኋላ በሥሮቹ የሚዞረው ደም ሁሉ የሰጪው ይሆናል፤ የደም ዐይነቱም ሊለወጥ ይችላል፤ ጠባዩ ግን ያው ነው፤ ልጅ ቢወልድም የሚያወርሰው የራሱን እንጂ የሰጪውን ተፈጥሮ አይደለም። ደም የዘር ተሸካሚ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ነገዱን በለወጠ ነበር።

ደም ካልሆነ ታዲያ ውርስን የሚያስተላልፈው ምንድን ነው? የዚህን መልስ መንገድ የከፈተው፣ ዛሬ የቼክ አገር በሆነችው በብርኖ ከተማ በገዳም የኖረ ግሬጎር ሜንዴል የተባለ መነኵሴ ነው። ከ1856 እስከ 1863 እ.ኤ.አ. በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየዘራ፣ አበባውን በእጁ እያዳቀለ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ ቈጠረ። ክብ ፍሬ የሚሰጠውን ሽብሽብ ፍሬ ከሚሰጠው ጋር ባዳቀለ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ክብ ሆነ፤ ሽብሽቡ የጠፋ መሰለ። እነዚህን በየራሳቸው እንዲራቡ በተወ ጊዜ ግን፣ ከተለቀሙት 7,324 ፍሬዎች 5,474ቱ ክብ፣ 1,850ው ሽብሽብ ሆነው ተገኙ፤ አንድ እጅ ለሦስት እጅ ማለት ነው። ትርጓሜው ታላቅ ነው፤ ውርስ የሚተላለፈው ዛሬ በራሂ በምንላቸው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚኖሩ ልዩ ልዩ ክፍሎች ሲሆን፣ እነዚህም ቡናና ወተት እንደሚደባለቁ አይደባለቁም፤ አንዱ በሌላው ቢሸፈንም ሳይጠፋ፣ ሳይደበዝዝ፣ በሚቀጥለው ትውልድ እንደ ጥንቱ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ «የተቀላቀለ ደም» የሚባል ነገር በፍጥረት ውስጥ የለም፤ ያለው በየልደቱ አዲስ ሆኖ የሚመደብ የበራሂዎች ዕጣ ነው። ሜንዴል ሥራውን በ1866 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ ዓለም ግን ያስተዋለው እርሱ ከሞተ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1900 እ.ኤ.አ. ነው።

የዕጣው ስፋት ለትዕቢት ቦታ አይተውም። የሰው በራሂዎች በ23 ጥንድ ሐብለ በራሂ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ፤ ወላጅ ለልጁ ከየጥንዱ አንዱን ብቻ ስለሚሰጥ፣ አንድ ሰው ሊያወርሳቸው የሚችላቸው የሐብሎች ምድብ ብቻ ከ8 ሚሊዮን ይበልጣል፤ በዚህም ምክንያት ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች በመልክም በጠባይም ይለያያሉ። ደግሞ ወደ ኋላ ብንቈጥር፣ ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ በሰባተኛው ቤት 128፣ በዐሥረኛው 1,024 ይሆናሉ። «የእገሌ ዘር ነኝ» ብሎ የሚመካ ሰው፣ ከ128ቱ አንዱን ጠርቶ 127ቱን ዝም ያሰኛል፤ ከዝም ከተባሉትም መካከል ስንት ሸማኔ፣ ስንት ገባር፣ ስንት ባሪያ እንደ ነበረ ማንም ሊምልለት አይችልም። ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንዲርቅ ማዘዟን የተፈጥሮ ዕውቀት ያጸናዋል፤ ዘመዳሞች የተሸፈነውን ያንኑ የበሽታ በራሂ ሊጋሩ ይችላሉና። አጥንት ቈጣሪው ግን በአንድ አፉ ሰባት ቤት ይቈጥራል፣ በአንድ አፉ ደግሞ ከእኛው ወገን ካልሆነ ይላል፤ ሥርዓቱ እንዲርቅ ሲያዝዘው እርሱ ማጥበብ ይወዳል።

የዝግመተ ለውጥ ትምህርትም በዚሁ ጕዳይ ምስክር ነው። ዳርዊን በ1859 እ.ኤ.አ. ስለ ዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፉን ካወጣ በኋላ፣ በ1867 እ.ኤ.አ. ፍሊሚንግ ጄንኪን የተባለ መሐንዲስ ከባድ ተቃውሞ አቀረበበት፦ ውርስ እንደ ፈሳሽ የሚቀላቀል ከሆነ፣ አዲስ የተገኘ መልካም ጠባይ በየትውልዱ በግማሽ እየቀጠነ ሄዶ ይጠፋል፤ በዐሥረኛው ትውልድ ከ1,024 አንድ እጅ ብቻ ይቀረዋል። ተቃውሞው እውነተኛ ስሌት ነበር፤ ስሕተቱ በመነሻው፣ ማለት ውርስ ይቀላቀላል በሚለው አሳብ ላይ ነበር፤ እርሱንም የሜንዴል አተር አስቀድሞ አፍርሶት ኖሯል። እንግዲህ የደም ትምህርት እውነት ቢሆን ኖሮ ፍጥረታት ከዘመን ወደ ዘመን ባልተለወጡም፣ ከቦታቸው ጋርም ባልተስማሙ ነበር።

ከቦታ ጋር መስማማት ምን ማለት እንደ ሆነ የራሳችን ደጋ ያሳየናል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍ ባሉት የስሜን ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደም ተመርምሮ በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት፣ በዚያ ቀጭን አየር ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢናቸው መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር የተቀራረበ፣ ደማቸውም በኦክሲጅን የተሞላ ሆኖ ተገኘ፤ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ሲሆን፣ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ደማቸው የሚይዘው ኦክሲጅን አነስተኛ ሆኖ ሳለ ይኖራሉ። ሦስት ሕዝብ ለአንድ ችግር ሦስት መልስ አገኘ፤ ከሦስቱም አንዱ ከሌላው ይከብራል የሚያሰኝ ነገር የለም። የማጭድ ቅርጽ ያላቸው ቀይ ሕዋሳት የሚያስከትሉት በሽታም እንዲሁ ነው፤ ለዘመናት የጥቁር ሕዝብ ደም ነውር ተደርጎ ሲነገር ኖሮ፣ አንቶኒ አሊሰን በ1954 እ.ኤ.አ. ከአንዱ ወላጅ ብቻ የተወረሰው የዚህ በሽታ በራሂ ከብርቱ ወባ እንደሚጠብቅ አስረዳ፤ በራሂውም በአፍሪቃ ብቻ ሳይሆን በግሪክ፣ በዐረብ ምድርና በሕንድም ይገኛል። የተከተለው የወባን ምድር እንጂ የሰውን ቀለም አይደለም።

ደምን ከደም መለየት የሚቻልበት አንድ እውነተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ካርል ላንድሽታይነር በ1901 እ.ኤ.አ. የገለጠው የደም ዐይነት ነው። ይህ ግን ለአጥንት ቈጣሪው የባሰ ፍርድ ነው። ኤ እና ቢ የደም ዐይነት ካላቸው ወላጆች ኦ የሆነ ልጅ ሊወለድ ይችላል፤ ስለዚህ በሞት አፋፍ ላለ ሰው የወንድሙ ደም መርዝ ሊሆንበት፣ ከሩቅ አገር የመጣው የባዕዱ ደም ግን ሊያድነው ይችላል። ይህን እውነት የገፉ ሰዎች ያደረጉት በታሪክ ተጽፏል። የአሜሪካ ቀይ መስቀል የጥቁርና የነጭ ለጋሾችን ደም እስከ 1950 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያስቀምጥ ነበር፤ የደም ማከማቸትን ሥራ ካደራጁት ታላላቅ ሐኪሞች አንዱ የሆነው ጥቁሩ ቻርልስ ድሩ ይህ ሥርዓት በሳይንስ መሠረት የሌለው መሆኑን ተናግሯል። በእስራኤልም በ1996 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤል የለገሱት ደም በስውር ይጣል እንደ ነበር በተገለጠ ጊዜ፣ ብዙ ሺህ ሰዎች በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ፤ ምክንያቱ የበሽታ ሥጋት ነው ተባለ፤ ነገር ግን የተፈረደው በየአንዳንዱ ደም ምርመራ ሳይሆን በለጋሹ ትውልድ ነበር። ያን ጊዜ በወገኖቻችን ላይ በደረሰው ያዘንን ሰዎች፣ በቤታችን ያንኑ ሚዛን ይዘን ልንቀመጥ አይገባንም።

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚል ይመልስልኛል። ልጅ ወላጁን በብዙ ነገር እንደሚመስል አልክድም፤ በጠባይም ቢሆን የተፈጥሮ ድርሻ አለ። ነገር ግን ይህ ድርሻ በብዙ በራሂዎች የተከፋፈለ፣ በየልደቱ እንደ ገና የሚመደብ፣ ከአስተዳደግና ከኑሮ ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ በቅድመ አያት ስም ሊታወቅ አይችልም። የቀጥቃጭ ልጅ ቀጥቃጭ የሚሆነው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በአባቱ ወናፍ አጠገብ ስላደገ፣ የሚያርሰው ርስት ስለ ተከለከለ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋባም ስለ ተደረገ ነው፤ ሰዎች የዘጉበትን በር ተፈጥሮ የዘጋችው አስመስሎ መናገር በበደል ላይ ሐሰት መጨመር ነው። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው «ቡዳ» እያለ፣ በዚያው ማረሻ ያረሰውን እህል የሚበላ ገበሬ ስንት ዘመን ኖረ! ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ አዋጁ ስድቡን ቢከለክልም፣ ስድቡ የተመሠረተበት የደም ትምህርት ግን በየቤቱ ሳይነካ ቀረ።

ይህን ትምህርት ከየቤቱ ማውጣት የእኛ ዕዳ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ለአቴና ሰዎች የሰው ወገን ሁሉ ከአንድ እንደ ተገኘ መስክሯል፤ በ1967 እ.ኤ.አ. በኦሞ ሸለቆ የተገኘው ጥንታዊ የሰው ዐፅምም የዚህ ወገን ግንድ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ያመለክታል። መምህራን ስለ ልብና ስለ በራሂ ሲያስተምሩ የሥዕሉን ክፍሎች ስም ብቻ አስጠንተው አይለፉ፤ ይህ ዕውቀት ስለ ጋብቻ፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ፍርድ ምን እንደሚል ጨምረው ያስረዱ። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ለጋብቻ በተላካችሁ ጊዜ ስለ ሙሽራው ጤና፣ ስለ ዕውቀቱ፣ ስለ እውነተኛነቱና ስለ ትጋቱ መርምሩ፤ ዝምድናውንም እንደ ሥርዓቱ ቍጠሩ፤ አጥንቱን ግን ተዉት። ደም ለሰው የተሰጠው በሕይወት እንዲያኖረው፣ ሲያስፈልግም ለወንድሙ እንዲለግሰው ነው፤ ሰውን ለመመዘን ግን አልተሰጠም፤ በእርሱ የተመዘነ ፍርድ ሁሉ ሐሰተኛ ፍርድ ነው።